ደሴ ፒያሳ አቅራቢያ ያለ መድኃኒት ቤት፦ የሚሸጠውና የማይሸጠው

በደሴ ከተማ ከፒያሳ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው ይህ መድኃኒት ቤት ከሌሎች የሚለየው አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ማዘዣ ባለመሸጡ ነው። ደንቡ ለሁሉም አንድ ቢሆንም፣ ጉሮሮውን ያመመው ሰው አዚትሮማይሲን የተባለውን፣ ለሦስት ቀን የሚወሰድ አንቲባዮቲክ በስሙ ጠርቶ፣ ገዝቶ መውጣቱ በከተማችን እንግዳ ነገር አይደለም።

የቶሳ ተራራ ብርድ በሚበረታበት ሰሞን ጋቢ የደረቡ አንዲት እናት መጥተው «ያቺን የሦስት ቀኗን ስጠኝ ልጄ» ሲሉ ፋርማሲስቱ ወዲያው አልከለከላቸውም። «አብሽሩ እማማ፣ ሳልና ንፍጥ አለዎት?» ብሎ ጠየቃቸው፤ ሁለቱም እንዳለባቸው ሲነግሩት፣ እንዲህ ያለው ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በቫይረስ የሚመጣ በመሆኑ አንቲባዮቲክ እንደማይነካው አስረድቶ፣ ፓራሲታሞል ሰጣቸውና ለብ ባለ የጨው ውሃ እንዲጉመጠመጡ ነገራቸው። ትኩሳቱ ከበረታ ወይም መዋጥ ካቃታቸው ግን ጤና ጣቢያ እንዲታዩ አሳሰባቸው። እማማ ቅር ብሏቸው ነው የወጡት፤ በእኔ ግምት ግን ቤቱ ከሚሰጠው አገልግሎት ሁሉ የሚበልጠው ይኸው ነው።

ምክንያቱም ጉዳዩ ከአንድ ሰው ጉሮሮ ያልፋል። በባክቴሪያ ለሚመጣ የቶንሲል ሕመም ዋነኛ መንስኤ የሆነው ምድብ «ኤ» ስትሬፕቶኮከስ እስካሁን በፔኒሲሊን ይሸነፋል፤ አዚትሮማይሲንን ግን የተላመዱ ዝርያዎቹ በብዙ አገሮች ተገኝተዋል። እነዚህ ዝርያዎች መድኃኒቱ የሚጣበቅበትን የሪቦዞማቸውን (የፕሮቲን መሥሪያቸውን) ክፍል ይለውጣሉ፣ ወይም የገባውን መድኃኒት መልሰው ወደ ውጭ ይገፉታል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምደባ የፔኒሲሊን ወገን የሆነውን አሞክሳሲሊንን በቅድሚያ ሊታዘዙ ከሚገባቸው፣ አዚትሮማይሲንን ደግሞ ጥብቅ ክትትል ከሚሹት ጋር መድቦታል።

ማዘዣ ይዞ ለመጣም ሰው ቢሆን ምክሩ አይቋረጥም። ቶንሲል ላመመው ልጇ የሚበጠበጥ አሞክሳሲሊን የታዘዘላት እናት ሁለት ጠርሙስ ስትወስድ፣ ፋርማሲስቱ አንዱን ብቻ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ እስከ መስመሩ በጥብጦ፣ ሌላው የመጀመሪያው እስኪያልቅ በዱቄትነቱ እንዲቆይ ነገራት። ልጁ በሁለተኛው ቀን ቢሻለውም ዐሥሩን ቀን መጨረስ እንዳለበት አጥብቆ አስረዳት፤ በቅጡ ያልታከመ የስትሬፕቶኮከስ ሕመም የልብን ቫልቭ የሚጎዳ የሩማቲክ ትኩሳት ሊያስከትል ይችላልና። ለጥርስ እብጠት አንቲባዮቲክ ብቻ የሚፈልገውን ደግሞ ወደ ጥርስ ሐኪም ይልኩታል፤ መግል ካልወጣ ክኒን ብቻውን አያድንም፣ እንደ ፕሬቮቴላ ካሉት የአፍ ባክቴሪያዎችም ብዙዎቹ አሞክሳሲሊንን የሚሰባብር ኢንዛይም ያመርታሉ።

ጉድለት ግን አለው። ያን ሁሉ ምክር በቃል ይሰጡና ጠርሙሱ ላይ የተበጠበጠበትን ቀን አይጽፉም፤ የአወሳሰድ ምልክቱም በእስክሪብቶ የተጫረ በመሆኑ ለማንበብ ያስቸግራል። አንዱን ደንበኛ በሰፊው ሲመክሩ ሌላው ቆሞ ይጠብቃል፣ መቀመጫውም አንድ አግዳሚ ወንበር ብቻ ነው። ከሐይቅ ወይም ከኩታበር ድረስ መጥቶ ማዘዣ የለህም የተባለ ሰው ለምርመራ ሌላ ወጪና ሌላ ሰልፍ ይጠብቀዋል፤ በዚያ ሰዓት የትኛው ጤና ጣቢያ ክፍት እንደሆነ በወረቀት ጽፈው ቢሰጡት፣ ደጁን ዞሮ ያለ ማዘዣ ወደሚሸጥለት ሱቅ ባልሄደ ነበር።