አባዬን «አንቱስ ምን ይላሉ?» ብላ ለጠየቀችው የደሴ ሐኪም

ይህን ለመጻፍ ስንቴ ጀምሬ እንባ እየቀደመኝ ትቼዋለሁ። ዛሬ ግን አባዬ ከዙሁር ሰላት ተመልሶ ደጃፍ ላይ ከጎረቤት ጋር ያወጋል። ድምፁን እየሰማሁ ልጻፈው።

አባዬ 79 ዓመቱ ነው። የምንኖረው ኮምቦልቻ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ፀሐይ ላይ የሠራ ሰው ነው። አምና ኅዳር ላይ ጉንጩ ላይ፣ ከጆሮው አጠገብ፣ ሽምብራ የምታክል እባጭ ወጣች። ቀላ ብላ ወደ ወይን ጠጅ የምትሄድ። አታመውም፣ አታሳክከውም። ስለማታመው ማንም ነገሬ አላላትም። በሁለት ወር ሎሚ አከለች።

ከዚያ በኋላ የሆነው አሁንም ይመረኛል። አንዱ ጋ ቅባት ሰጡን። ሌላው ጋ «ስብ ነው» ብለው ቆርጠው አወጡት። የወጣውን ለምርመራ መላክ ሲገባቸው ጣሉት። ወር ሳይሞላ እዚያው ተመልሶ በቀለ። ሦስተኛው ጋ የነበረው ሰውዬ አባዬን ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። የሚያወራው ለእኔ ነው። «በዚህ ዕድሜ ምን ያደክማችኋል? ቤት ወስዳችሁ የሚወደውን አብሉት» አለኝ። አባዬ አጠገቤ ነበር። ጆሮው ደህና ነው። ሁሉንም ሰማ። እስከ ቤት ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ያቺን ዝምታ መቼም አልረሳትም።

ደሴ ያለችውን የቆዳ ሐኪም የጠቆመችን የጎረቤት ልጅ ናት፣ አላህ ይስጣት። ዳገቱን ወጥተን ስንደርስ ከተማው ጉም በጉም ነበር። አባዬ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ገባ። ሐኪሟ ወንበሯን ጎትታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ጋቢውን ራሷ ቀስ አድርጋ ገለጠችው። እባጩን አየች። ከዚያ አንገቱን በሁለት እጇ ስትዳብስ ቆየች። እስከዚያ ቀን አንገቱን የነካው ሰው አልነበረም።

ናሙና ወስዳ ላከች። መርከል ሴል የሚባል የቆዳ ካንሰር ሆነ። ብዙ ጊዜ በዕድሜ የገፉ ሰዎችን ፀሐይ የሚያገኘው ገላቸው ላይ የሚይዝ፣ እምብዛም የማይገኝ፣ ግን በጣም የሚፈጥን ነው። ከዚህ በላይ አልገባኝም።

እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። እሷ ግን ወደ አባዬ ዞረች። «አባባ፣ በሽታው ክፉ ነው። ግን የጨረር ሕክምና ሲያገኘው አይቋቋምም። ዕድሜ ብቻውን ከጨረር አይከለክልም። መንገዱ ያደክማል፣ አልዋሽዎትም። አንቱስ ምን ይላሉ?» አለችው።

በስንት ወር እሱን ራሱን የጠየቀችው የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት! አባዬ ትንሽ ቆየና «ልጄ፣ አንቺ ካልሰለቸሁሽ እኔ አልሰለችም» አላት።

አዲስ አበባ መጀመሪያ በኦፐሬሽን ወጣለት። ቀጥሎ ጥቁር አንበሳ 25 ቀን ጨረር ወሰደ፣ በሳምንት አምስት ቀን። ቦታው ፊት ስለሆነ እንዳይንቀሳቀስ በፊቱ ልክ ጭምብል ተሠራለት። ያን ሲያይ «ይሄማ መቃብር ነው» ብሎ እምቢ አለ። ማታ ደሴ ደወልኩላት። «ለእሳቸው ስጪልኝ» አለች። «አብሽሩ አባባ! ሲሰጥዎ አያምም፣ የደቂቃዎች ነገር ነው። በካሜራ እያዩዎት ነው፣ እጅዎን ካነሱ ያቆሙታል» አለችው። ጠዋት ስነሳ ጫማውን አድርጎ በር ላይ ይጠብቀኛል።

ጉንጩ ቀልቶ ተላጠ፣ አፉ ደረቀ፣ በጣም ደከመው። ጨረሩ ካለቀ በኋላ ቀስ በቀስ ተመለሰ። አሁን በየሦስት ወሩ ይታያል። እስካሁን ምንም የለም፣ አልሐምዱሊላህ።

የደሴ፣ የኮምቦልቻ፣ የሐይቅ፣ የከሚሴ ሰዎች፣ አደራ! ወላጆቻችሁ ላይ የማያም እባጭ ቶሎ ቶሎ ሲያድግ ካያችሁ አትዘግዩ። ቆርጠው ካወጡት «ይመርመርልን» በሉ። «አርጅቷል» ካሏችሁ ሌላ ሐኪም ጋ ሂዱ። እሷ ጋ ሂዱ! ሐኪሟ ስሟ በአደባባይ እንዲወጣ አልፈለገችም። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ለማንም አልከለክልም።

ይህን እየጻፍኩ መሆኔን ስነግረው አባዬ «ሰላም በያት» ብሏል። ጁምዓ በመጣ ቁጥር ዱዓው ላይ ስሟን ሳይጠራ ቀርቶ አያውቅም።