ደግሪ ለመማር ያሰባችሁ ነርሶች፣ ከመክፈላችሁ በፊት የከዚራውን ጋሽ ሬጅስትራር አማክሩ

በድሬዳዋም በሐረርም በዲፕሎማ እየሠራችሁ፣ ሥራ ሳትለቁ ደግሪ ለመያዝ የምታስቡ ነርሶች ይህን እስከ መጨረሻው እንድታነቡልኝ እለምናለሁ። ምስጋናው ለአንድ ሰው ነው፤ ጥቆማው ግን ለእናንተ ነው።

ሰውየው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ትንሽ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት አላቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የኮሌጅ ሬጅስትራር ቢሮ ውስጥ ስለሠሩ ሰፈሩ «ጋሽ ሬጅስትራር» ይላቸዋል። ስማቸው በአደባባይ እንዲጻፍ ስላልወደዱ እኔም በዚሁ እጠራቸዋለሁ። በራቸው ላይ የተለጠፈው «ጽሕፈት፣ ኮፒ፣ ስካን፣ የኦንላይን ማመልከቻ» ይላል። እኔም የሄድኩት የማመልከቻ ቅጽ ላሳትምና ዲፕሎማዬን ስካን ላስደርግ ነበር።

ቅጹን በቴሌግራም የላከልኝ አንድ ደላላ ነው። «ሥራ ሳትለቂ፣ ክፍል ሳትገቢ፣ ባጭር ጊዜ የነርሲንግ ደግሪ» የሚለውን ማስታወቂያ ሁላችሁም የምታውቁት ይመስለኛል። ጋሽ ሬጅስትራር ቅጹን ከማተማቸው በፊት መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡትና «ልጄ፣ ይሄ ወረቀት የት አገር፣ የትኛው መሥሪያ ቤት ውስጥ እንዲሠራልሽ ነው የምትፈልጊው?» አሉኝ። ዋጋውን አልጠየቁም፤ ስንት ዓመት እንደሚፈጅም አልጠየቁም። ከዚያ በኋላ ያወራነው ሁሉ ከዚህች ጥያቄ የተነሣ ነው።

እዚሁ አገር ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚታየው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የሰጠው የዕውቅና ፈቃድ ነው። ይህንንማ ማንም ያውቃል ትሉ ይሆናል። እሳቸው ያስረዱኝ ግን ፈቃዱ ለኮሌጁ ስም በጅምላ የሚሰጥ አለመሆኑን ነው። ለእያንዳንዱ የትምህርት መስክ፣ ለእያንዳንዱ ካምፓስ፣ ለመደበኛው ለብቻ፣ ለማታውና ለርቀቱም ለብቻ ነው። አንድ ኮሌጅ አዲስ አበባ ላይ ነርሲንግ የማስተማር ፈቃድ ስላለው ድሬዳዋ ቅርንጫፉ አለው ማለት አይደለም። በመደበኛ የተፈቀደለት በርቀት ተፈቅዶለታል ማለትም አይደለም። ደላላው የላከልኝ የፈቃድ ደብዳቤ ላይ ያለው ካምፓስና እኔ የምመዘገብበት ካምፓስ አንድ አልነበሩም። ማኅተሙ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ እኔን ግን አይመለከትም።

በዚያ ላይ የመውጫ ፈተናው አለ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በመንግሥትም በግልም ተቋም የመጀመሪያ ዲግሪ የሚማር ሰው ፈተናውን ወስዶ ከመቶ 50 ማምጣት አለበት። ከዚያ ቀጥሎ ደግሞ የጤና ሚኒስቴር የሙያ ፈቃድ ምዘና ይጠብቃል። «ፈቃድ የሌለው ፕሮግራም ለፈተና ማን ብሎ ያስመዘግብሻል?» አሉኝ። የሰው ሀብት ክፍል ወረቀቱን ለማረጋገጥ ሲልከውና መልሱ «አናውቀውም» ተብሎ ሲመጣ ያዩትን እያነሡ አጫወቱኝ። ሬጅስትራር ቢሮ ተቀምጠው የኖሩ ሰው ስለሆኑ የተማሪውን ለቅሶ ያስታውሱታል። ሲያወሩ ድምፃቸው ውስጥ ይሰማል።

ሁለተኛው ጉዳይ ልምምዱ ነው። እዚህ ላይ እኔም ሙያዬ ስለሆነ ስሜቴን ሳልደብቅ እናገራለሁ። ፋርማኮሎጂን፣ የምርምር ዘዴን፣ የማኅበረሰብ ጤናን፣ የአመራር ኮርሶችን በኦንላይን መማር ይቻላል፤ ሌሊት ዱቲ ላይ ላለ ነርስ እንዲያውም ይመቻል። ሰውነቱ ውኃ አጥቶ የደረሰ ሕፃን ደም ሥር መፈለግን፣ ደም እየፈሰሳት የመጣች ወላድ አጠገብ ቆሞ መወሰንን ግን ስክሪን አያስተምርም። ጋሽ ሬጅስትራር ነርስ አይደሉም፤ ቢሆንም ኮሌጁ በጽሑፍ መልስ እንዲሰጠኝ ደብዳቤ አረቀቁልኝ። ልምምዱ በየትኛው ሆስፒታል ነው? ከሆስፒታሉ ጋር የተፈረመ ስምምነት አለ ወይ? የሚገመግመኝ መምህር ማነው? የመጣው መልስ «የምትሠሪበት ሆስፒታል ይቆጠርልሻል» የሚል ነበር። እሳቸው መልሱን አንብበው «ሥራ ሌላ፣ ልምምድ ሌላ። ስትሠሪ ማንም አያስተምርሽም፣ ማንም ነጥብ አይሰጥሽም» አሉ። ቅጹን ሳልሞላ የተውኩት ያኔ ነው።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ውስጥ በጥር 2015 ዓ.ም. የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ይፋ ያደረገው ምርመራ አለ፤ «ኦፕሬሽን ናይቲንጌል» ይሉታል። ደቡብ ፍሎሪዳ የነበሩ ሦስት የነርሲንግ ትምህርት ቤቶች ከ7,600 በላይ የሐሰት ዲፕሎማና ትራንስክሪፕት ሸጠው ተገኙ። ከገዙት ውስጥ የፈቃድ ፈተናውን አልፈው ሆስፒታል የገቡም ነበሩ፤ ኋላ ላይ የየስቴቱ የነርሲንግ ቦርድ እየተከታተለ ፈቃድ መሰረዝ ጀመረ። ጋሽ ሬጅስትራር ይህንን ዜና አትመው ፋይል ውስጥ አስቀምጠውታል፤ ለሚጣደፍ ሰው ያሳዩታል። ለእኔም አሳይተውኛል።

አሜሪካን ካነሣሁ አይቀር፣ አብራኝ የምትሠራ እህቴ የምላት ነርስ «በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በኦንላይን ልማር» ብላ ብዙ ጊዜ ስታወጣ ስታወርድ ነበር። ይዣት ሄድኩ። አብረዋት ተቀምጠው የዩኒቨርሲቲውን የመግቢያ መስፈርት መስመር በመስመር አነበቡላት። እነዚህ ከዲፕሎማ ወደ ደግሪ የሚያሸጋግሩ የኦንላይን ፕሮግራሞች በአብዛኛው የተዘጋጁት እዚያው አገር የጸና የአርኤን (የተመዘገበ ነርስ) ፈቃድ ላለው ነው። የእኛ አገር የሙያ ፈቃድ ያንን አይተካም። እሷ ወደዚያ መሄድ ከፈለገች መንገዱ የሚጀምረው የትምህርት ማስረጃዋን በማስገምገምና ኤንክሌክስ የሚባለውን የአሜሪካ የነርሶች ፈቃድ ፈተና በማለፍ ነው። የማመልከቻ ክፍያውን ሳትከፍል ቀረች። ትንሽ አዝናለች፤ አሁን ግን ለፈተናው እያጠናች ነው።

ሚኒሶታ ያለችው የአክስቴ ልጅ ደግሞ ሌላ ናት። እዚያው የሁለት ዓመቱን የነርሲንግ ትምህርት ተምራ፣ ፈተናውን አልፋ፣ አርኤን ሆና ትሠራለች። ለእሷ ኦንላይኑ ልክ ነው፤ ጋሽ ሬጅስትራርም በስልክ ያሏት ይህንኑ ነው። ትምህርት ቤቱ ሲሲኤንኢ ወይም ኤሲኢኤን በሚባሉት የነርሲንግ ዕውቅና ሰጪዎች መመዝገቡን በራሳቸው በዕውቅና ሰጪዎቹ ገጽ አረጋገጡላት፤ ትምህርት ቤቱ ስለራሱ የጻፈውን አላመኑም። ለባችለር ከሚያስፈልገው 120 ክሬዲት ገደማ ውስጥ ቀድሞ ከተማረችው ስንቱን እንደሚይዙላት ከመመዝገቧ በፊት በጽሑፍ እንድትጠይቅ አደረጓት፤ የዋጋው ልዩነት እዚያ ላይ ነውና። የማኅበረሰብ ጤና ልምምዱን የምታደርግበትን ቦታ ትምህርት ቤቱ ይፈልግላት እንደሆነ ወይስ ራሷ መፈለግ እንዳለባት ጠይቂ አሏት። አሠሪዋ ለትምህርት የሚሰጠው ድጋፍ በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ድረስ ግብር እንደማይነካውም የነገሯት እሳቸው ናቸው። ከዚራ ተቀምጠው ይህንን ማወቃቸው ይገርመኛል። ሰው በመጣ ቁጥር አንብበው ነው የሚያውቁት።

እንግሊዝ አገር ስላለው፣ ዲፕሎማን ወደ ደግሪ ስለሚያሳድገው «ቶፕ አፕ» ስለሚባለው ትምህርትም የሚጠይቁ አሉ። ባጭሩ፣ እሱ ዲግሪ ይሰጣል እንጂ በእንግሊዝ የነርሶች መዝገብ ውስጥ አያስገባም።

ሌላው ምክራቸው የዱቲ ፕሮግራምን ይመለከታል። የወሩን ፕሮግራም ይዘሽ ነይ አሉኝ፤ ይዤ ሄድኩ። ከትምህርቱ ሰሌዳ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠው የትኛው ክፍል ከናይት በኋላ እንደሚውል፣ የቱ ከልጆቼ ጋር ከምሆንበት ሰዓት እንደሚጋጭ በእርሳስ ምልክት አደረጉበት። ኦንላይን ሲባል ሁሉም አንድ አይደለም። ቀድሞ ተቀርጾ በፈለጉት ሰዓት የሚታይ አለ፤ በቀጥታ የሚሰጥና መገኘት ግዴታ የሆነበትም አለ። ኒው ዮርክ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ የሚጀመር የቀጥታ ክፍል እዚህ እንደ ወቅቱ ከሌሊቱ 8 ወይም 9 ሰዓት ነው። ሌሊት ዱቲ ያለው ሰው ይህን እንዴት ይከታተላል? በዚያ ላይ መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋ ፈተናው ይራዘማል ወይስ ዜሮ ይያዛል የሚለውን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ይሄኛውን ጥያቄ እኔ በራሴ አላስበውም ነበር።

በመጨረሻ የመረጥኩት ንድፈ ሐሳቡ ቅዳሜና እሑድ የሚሰጥ፣ ከፊሉ ማስተማሪያ በኦንላይን የሚላክ፣ ልምምዱ ግን በሆስፒታል በመምህር ክትትል የሚደረግ ፕሮግራም ነው። ፈቃዱ ለዚሁ ካምፓስና ለዚሁ መስክ የተሰጠ መሆኑን ከባለሥልጣኑ ዝርዝር ላይ አብረን አይተናል። ከደላላው ይልቅ ውድ ነው፣ ጊዜውም ረጅም ነው። ጋሽ ሬጅስትራር ይህንን አልሸሸጉኝም፤ «ይከብድሻል፣ ግን ወረቀቱ የትም ቢላክ ተረጋግጦ ይመለስልሻል» ነው ያሉኝ። አሁን እየተማርኩ ነው። ይከብዳል፤ ደስም ይለኛል።

ስለ ክፍያቸው ለምትጠይቁኝ፦ የጽሕፈቱን በገጽ፣ የስካኑንና የማተሙን እንደ ማንኛውም ቤት ነው የሚያስከፍሉት፣ በቴሌብርም ይቀበላሉ። ለምክሩ የሚጠይቁት ትንሽ ገንዘብ ነው፤ ከሌለው ሰው አይቀበሉም። ከኮሌጆች ኮሚሽን አይወስዱም። እኔ ተቀምጬ ሳለሁ አንድ ሰው መጥቶ «ተማሪ በላኩልን ቁጥር» ብሎ ሲጀምርላቸው ንግግሩን ሳያስጨርሱ ቡና ጋብዘው ሸኙት። የተማሪ አሳይመንት ግን አይሠሩም፤ ለዚያ ብላችሁ አትሂዱ። አይቸኩሉም፤ አንድ ፋይል ላይ ረጅም ጊዜ ይቆያሉ፣ ስለዚህ የማመልከቻው ቀን ሊዘጋ ሲል ሳይሆን ቀደም ብላችሁ ሂዱ።

ጋሽዬ፣ ይህን ልጅዎ ያነብልዎታል ብዬ ነው። ገንዘቤን ብቻ ሳይሆን ዓመታቴን ነው ያተረፉልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ እጅዎ ይባረክ።

የምትሄዱ ሰዎች ዲፕሎማችሁን፣ ትራንስክሪፕታችሁን፣ የሲኦሲ (የብቃት ምዘና) ማረጋገጫችሁን፣ የሙያ ፈቃዳችሁን፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤያችሁንና የወሩን የዱቲ ፕሮግራም ያዙ። ጠዋት ክፍት ነው፤ በሙቀቱ ሰዓት ይዘጉና ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ እንደገና ይከፍታሉ። ከሐረር የምትመጡ ደንገጎን ከመውረዳችሁ በፊት ደውሉላቸው። ስልካቸውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እንድሰጥ ፈቅደውልኛል።