ድሮው ዶት አይኦ፣ ፕላንትዩኤምኤል ወይስ ኢንተርፕራይዝ አርኪቴክት? የደንበኛን ፍላጎት ለመያዝ የቱ ይሻላል

ለአንድ ክሊኒክ የቀጠሮ ሲስተም ስንሠራ ዩዝ ኬዞቹን፣ ማለትም ማን በሲስተሙ ምን እንደሚሠራ የሚያሳዩትን ዲያግራሞች፣ በሙሉ ድሮው ዶት አይኦ በሚባለው የዲያግራም መሣሪያ ላይ ሳልናቸው። ያምሩ ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ ደንበኛው «ቀጠሮ የምትሰጠው እንግዳ ተቀባይዋ ብቻ አይደለችም፣ ነርሶቹም ይሰጣሉ» አለን። ዲያግራሞቹን አንድ በአንድ እየከፈትን አስተካከልን፤ ሁለቱን ግን ረሳናቸው፣ ፕሮግራመሩም ከተረሱት አንዱን ይዞ ኮዱን ጻፈ። ከዚያ ወዲህ መሣሪያ ስመርጥ ቀድሜ የማየው አንድ ነገር ነው፦ ፍላጎቱ ሲለወጥ ምን ያህል ያሠቃየኛል?

ድሮው ዶት አይኦ ነጻ ነው። ብሮውዘር ላይ ይሠራል፣ ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው ደግሞ ኢንተርኔት ቢጠፋም ሥራ አያስቆምም። ደንበኛ አጠገብ ተቀምጦ «እንዲህ ነው ያሉኝ?» እያሉ ለመሳል ከዚህ የሚቀል አላየሁም። ይህን አትናቁት። በቃል ሲነግሩት እሺ ያለ ሰው ሥዕሉን ሲያይ «ኧረ እንደሱ አይደለም» ይላል፣ እውነተኛው ፍላጎት የሚወጣውም ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ነው። ችግሩ ሥዕል ብቻ መሆኑ ነው። «ታካሚ» የሚል ሳጥን አምስት ገጽ ላይ ካለ፣ ለሶፍትዌሩ እርስ በርስ የማይተዋወቁ አምስት ሳጥኖች ናቸው።

ፕላንትዩኤምኤልም ነጻ ነው፤ እዚህ ግን አይሳልም፣ ይጻፋል። ነርስ ቀጠሮ ትሰጣለች የሚለውን በአንድ መስመር ትጽፋላችሁ፣ ዲያግራሙን እሱ ያወጣዋል። ፋይሉ ተራ ጽሑፍ ስለሆነ ከኮዱ ጋር ጊት (የፋይል ለውጦችን የሚመዘግብ መሣሪያ) ውስጥ ይቀመጣል፤ የቱን መስመር ማን መቼ እንደለወጠው ይታያል፣ ስም ለመቀየርም ፈልጎ መተካት ይበቃል። ዲያግራሙ ሲተልቅ ግን መስመሮቹ ይጠላለፋሉ፣ ሳጥኖቹንም በፈለጋችሁበት ቦታ ማስቀመጥ ይከብዳል። ኮድ የማይጽፍ ሰው ደግሞ ገና ሲያየው ይሸሻል።

ኢንተርፕራይዝ አርኪቴክት የአውስትራሊያው ስፓርክስ ሲስተምስ ሥራ ነው፤ ይከፈልበታል። እዚህ «ታካሚ» አንድ ነው። በሃያ ዲያግራም ላይ ቢወጣም አንድ ቦታ ስትለውጡት ሁሉም ጋ ይለወጣል። ከዚያም በላይ እያንዳንዱን ፍላጎት ከዩዝ ኬዙ፣ ከክላሱ (ኮዱ ከሚገነባባቸው ክፍሎች አንዱ) እና ከቴስቱ (መሥራቱን ከሚያረጋግጠው ሙከራ) ጋር ማያያዝ ይቻላል፤ በሠንጠረዥ ስታወጡት ከምንም ጋር ያልተያያዘው ፍላጎት ባዶ ረድፍ ሆኖ ይታያችኋል። ለባንክ ወይም ለመንግሥት ጨረታ ለሚሠራ ቡድን ይህ ብቻውን ዋጋውን ይመልሳል። ግን ለዊንዶውስ የተሠራ ነው፣ ሜኑው ብዙ ነው፣ ለመልመድ ሳምንታት ይፈልጋል፣ ከአዲስ አበባ ሆኖ በዶላር መክፈልም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

ቪዡዋል ፓራዳይም የተባለውን ሌላ የዲያግራም መሣሪያ ለምትጠይቁኝ፦ ነጻው ኮሚዩኒቲ እትም ለትምህርት ጥሩ ነው፣ ለንግድ ሥራ ግን አይፈቀድም።

ሦስት አራት ፕሮግራመሮች ከሆናችሁ ገንዘብ አታውጡ። ስብሰባ ላይ በድሮው ዶት አይኦ ሳሉ፣ ማታውኑ ፕላንትዩኤምኤል ላይ ጽፋችሁ ጊት ውስጥ አስገቡ፤ እኛ አሁን የምንሠራው እንዲህ ነው። ኢንተርፕራይዝ አርኪቴክትን የምመክረው ዋና ሥራው ትንተና የሆነ ሰው ላለው ቡድን ነው፣ የሚንከባከበው ከሌለ ሞዴሉ በወሩ ያረጃል። ከመግዛታችሁ በፊት የ30 ቀን ነጻ ሙከራውን አውርዱ፣ የመጨረሻ ፕሮጀክታችሁን አስገቡበት፣ ከዚያ አንድ ፍላጎት ለውጡና ሁሉንም ለማስተካከል ስንት ደቂቃ እንደፈጀባችሁ ያዙ።