ዶንግ ኬዪ ወይስ ሁዋንግ ሻዎፌን?

በድሮው የሻንጋይ ሲኒማ እነዚህ ሁለት ካሜራማኖች ይለያያሉ። ዶንግ ዓይን አታላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 «የቀይ ሎተስ ቤተ መቅደስ መቃጠል» ላይ ሰይፈኞቹን በሽቦ አንጠልጥሎ አበረራቸው። በ1934 ደግሞ ተዋናይት ሁ ዲዬ መንታ እህትማማቾችን ብቻዋን ስትጫወት የቀረጸው እሱ ነው። ያኔ ኮምፒውተር የለ! እንዲህ ያለው ትዕይንት የሚሠራው የምስሉን ግማሽ ሸፍኖ በመቅረጽ፣ ፊልሙን ወደ ኋላ አጠንጥኖ ቀሪውን ግማሽ በመድገም ነበር። እጅ ከተንቀጠቀጠ ሁሉም ገደል ገባ።

ሁዋንግ ግን የፊትና የብርሃን ሰው ነው። በ1948 የቻይናን የመጀመሪያ ባለቀለም ፊልም ቀረጸ፤ ኮሚኒስቶች ሥልጣን ከያዙበት ከ1949 በኋላም ሥራውን ቀጠለ።

እኔ ልቤ ወደ ዶንግ ያደላል። የሚያንገበግበኝ ያ በራሪ ሰይፈኛ ፊልሙ መጥፋቱ ነው። የሁዋንግ የ1931 «ፍቅርና ግዴታ» ግን ጠፋ ከተባለ በኋላ ኡራጓይ ውስጥ ተገኝቷል። ስለዚህ ለማየት ከሆነ በእሱ ጀምሩ።