«ሆዴን ባር ባር ይለኛል» ስል ለገባት አስተርጓሚዬ

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ባለፈው ዓመት ወለድኩ። እናቴ ልታርሰኝ ልትመጣ ነበር፤ ቪዛ ተከለከለች። ገንፎ የለ፣ ጠያቂ የለ። ባለቤቴ ማታ ማታ ኡበር ይነዳል። ልጄን ታቅፌ መስኮት ላይ ቆሞ ማልቀስ ሆነ ሥራዬ።

ክሊኒክ ሄጄ «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» አልኩ። አብራኝ የነበረችው የባለቤቴ የአክስት ልጅ እዚሁ ነው ያደገችው፤ «ሆዷን ያማታል» ብላ ተረጎመችው። የሆድ አልትራሳውንድ ታዘዘልኝ! ዛሬ እየሳቅኩ ነው የማወራው። ያን ቀን ግን በጀርባዬ ተኝቼ እንባዬ ጆሮዬ ውስጥ ይገባ ነበር።

ሌላ ክሊኒክ ስቀይር ነው አስተርጓሚዬን ያገኘኋት። ሐበሻ መሆኗን ሳይ መጀመሪያ ደነገጥኩ። ወሬው እሁድ ቤተ ክርስቲያን ቀድሞኝ ይደርሳል ብዬ። ገና ሳንጀምር «እዚህ የሰማሁት እዚሁ ይቀራል። መንገድ ላይ ብንገናኝ እንኳ ካልሰላምሽኝ አልሰላምሽም፤ እንዳትቀየሚኝ እህቴ» አለችኝ።

ለአራስ ድብርት የሚጠየቁ 10 ጥያቄዎች አሉ፤ ኤድንብራ ይሉታል። ነርሷ ትጠይቃለች፣ እሷ ታስተረጉማለች። 10ኛው ራስን ስለመጉዳት ነው። ዝም አልኩ። እሷም ዝም ብላ ጠበቀችኝ። ባለቤቴ ቢሆን የሚያስተረጉመው «አይ፣ ደህና ነኝ» ብዬ አልፈው ነበር። ሕክምናዬ የተጀመረው ከዚያ ቀን ነው።

ስሟን እንዳላወጣ ለምናኛለች። መንገዱን ግን ልንገራችሁ። እዚህ አሜሪካ ከፌደራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሐኪም ቤት አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ በፈረንጆቹ 1964 ከወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ የመጣ ነው። ቀጠሮ ስትይዙ «አማሪክ ኢንተርፕሪተር» በሉ። በአካል ከሌለ በስልክ ያመጣሉ። ባላችሁ፣ ይባስ ብሎ ልጃችሁ እንዲያስተረጉምላችሁ አታድርጉ። ለነፍሰ ጡርና ለወላድ የአእምሮ ጤና የስልክ መስመር አለ፣ 1-833-852-6262፤ ቀንም ሌሊትም ነጻ ነው፣ አስተርጓሚ ጠይቁ። ራሴን ልጎዳ ነው የሚል ሐሳብ ከመጣ ደግሞ 988 ደውሉ።

ባለፈው ቅዳሜ ጆርጂያ አቬኑ ላይ እንጀራ ልገዛ ስገባ ከፊቴ ቆማለች። አየችኝና ፊቷን ወደ በርበሬው መለሰች። እኔው ሄጄ አቀፍኳት። ልጄ ጸጉሯን ጨብጦ አልለቅም አለ።