ጎማ ከመሸጣቸው በፊት አሮጌውን ላነበቡልኝ ጎሚስታ

ይህ ምስጋና ጎማ ለቀየሩልኝ ጎሚስታ ነው። "ስሜን እንዳትጽፊ" ስላሉኝ ስማቸው እዚህ የለም። ስለዚህ የምጠቁማችሁ ሰውየውን ሳይሆን አሠራራቸውን ነው። እንደሳቸው የሚሠራ ሰው ካገኛችሁ አትልቀቁት።

የመኪናዬ ጎማዎች ጥርሳቸው አልቆ ነበር። ልገዛ የወጣሁት ከወንድሜ ጋር ነው። መጀመሪያ የገባንበት ሱቅ ሻጩ መኪናዋን እንኳ ሳያይ አንድ ሰፊ የስፖርት ጎማ አወጣና "ከዚህ በላይ የለም" አለ። ሲያስረዳም ለወንድሜ ነው። የምነዳው እኔ፣ የምከፍለው እኔ፣ ማብራሪያው ለሱ! አመስግነን ወጣን።

እሳቸው ጋ ስንደርስ የመጀመሪያው ጥያቄ "መኪናዋን ማነው የሚነዳት?" የሚል ነበር። "እኔ" ስል ወንድሜን ተዉትና ወደ እኔ ዞሩ። "ልጄ፣ የምትነጂው ከተማ ውስጥ ነው ወይስ አገር አቋራጭ? ዝናብ ላይስ? ስንት ሰው ትጭኛለሽ? ትፈጥኛለሽ?" አሉኝ። በመጨረሻው ጥያቄ ወንድሜ ሳቀ። እኔ ግን እውነቱን ተናገርኩ። ብዙው መንገዴ ከተማ ነው፤ ዝናብ አያስቀረኝም፤ ፍጥነት ብዙም አልወድም።

ከዚያ አዲስ ጎማ ያሳዩኛል ስል ቁጢጥ ብለው አሮጌውን መዳሰስ ጀመሩ። መዳፋቸውን ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከዚያ ከውስጥ ወደ ውጭ አሳለፉ። "እጅሽን አምጪ" አሉኝ። እኔም አሳለፍኩ። በአንድ አቅጣጫ ለስላሳ ነው፤ ሲመለስ እንደ መጋዝ ጥርስ እጅ ይይዛል። ከዚያ መሪውን አዙረው የቀኙን የፊት ጎማ የውስጥ ጠርዝ አሳዩኝ። ከውጭ ሲታይ ደህና የሚመስለው ጎማ ከውስጥ መላጣ ሆኗል።

ከዚህ በኋላ የነገሩኝን ማንም መኪና ያለው ሰው ቢያውቀው ጥሩ ነው። ጎማ መሃሉን ትቶ ሁለቱም ጠርዙ ካለቀ አየር አንሶት ነው የከረመው። ጠርዙ ደህና ሆኖ መሃሉ ከተበላ አየር በዝቶበታል። በአንድ ጎን ብቻ ካለቀ ወይም እንደኔ እጅ የሚይዝ ከሆነ ደግሞ አላይመንቱ (የጎማዎቹ አቀማመጥ ልክ) ተዛብቷል፤ አለበለዚያ እግሩ ላይ የላላ ነገር አለ። መኪናዋን በክሪክ አነሱና ጎማውን ግራና ቀኝ ይዘው ወዘወዙት። ቀጭ ቀጭ ይላል። "ቴስቲናው ሄዷል" አሉ፤ መሪውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ጫፍ ነው።

እምነቴን የገዙት እዚህ ጋ ነው። ጎማ ሊገዛ የመጣ ደንበኛ፣ ገንዘቡም በእጁ፣ ቆሞላቸዋል። እሳቸው ግን "መጀመሪያ ቴስቲናውን መካኒክ ጋ አስቀይሪ፣ ከዚያ ተመለሺ። አሁን ብገጥምልሽ አዲሱንም እንዲሁ ይበላዋል" ብለው ሸኙኝ። የዚያን ቀን ምንም አልሸጡልኝም። ለፍተሻውም ገንዘብ አልተቀበሉኝም።

ተመልሼ ስሄድ ስለ ሰፊው የስፖርት ጎማ ጠየቅኳቸው። እውነቱን ለመናገር መልኩ አምሮኝ ነበር። አላጣጣሉትም። ደረቅ አስፋልት ላይ ጥሩ ይይዛል፣ ኩርባ ላይ መሪው ቶሎ ይታዘዛል አሉኝ። ግን ውሃ የተኛበት መንገድ ላይ ሰፊ ጎማ ከጠባቡ ቀድሞ መንሳፈፍ ይጀምራል። ነዳጅም ሊጨምር ይችላል። ጎኑ አጭር ስለሆነ ደግሞ ጉድጓድ ሲገባ ምቱ ቸርኬው (ጎማው የሚገጠምበት ብረት) ላይ ያርፋል። "መጥፎ ጎማ አይደለም፤ ላንቺ አይደለም እንጂ" አሉ።

የኔ ጎማ ጎኑ ላይ 205/55 አር16 91ቪ የሚል አለው። 205 ስፋቱ በሚሊሜትር ነው። 55 ደግሞ የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል። አር ማለት ራዲያል (የውስጡ ክሮች ከጠርዝ ጠርዝ በቀጥታ የተዘረጉበት) ነው፤ 16 የቸርኬው ልክ በኢንች። ብዙ ሰው የሚዘለው የመጨረሻውን ነው። 91 አንዱ ጎማ 615 ኪሎ መሸከም እንደሚችል፣ ቪ ደግሞ እስከ 240 ኪሎሜትር በሰዓት እንደሚችል ያመለክታል። "240 ነድቼ አላውቅም፣ አነስ ያለው አይበቃኝም?" ብዬ ነበር። ፋብሪካው ለመኪናዋ ካዘዘው በታች እንዳልወርድ፣ በተለይ በጭነቱ ቁጥር እንዳልደራደር ነገሩኝ።

ስለ አየር ጠባይ ብዙ አላወሩም፤ ለኔ ነገሩ ቀላል ስለሆነ። በረዶ ባለበት ለሚነዳ ሰው ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። የበጋ (የሙቀት ወቅት) ጎማ ላስቲክ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በታች ሲሆን እየጠነከረ መንገድ መያዙ ይቀንሳል። የክረምት (የበረዶ ወቅት) ጎማ ቅዝቃዜ ላይ ለስላሳ ሆኖ እንዲቆይ ተደርጎ ነው የሚሠራው፤ ሙቀት ላይ ግን ቶሎ ያልቃል። ለሁሉም ወቅት የሚባለው መሃል ላይ ነው። እሱን ስትገዙ ጎኑ ላይ ባለሦስት ጫፍ ተራራና በውስጡ የበረዶ ቅንጣት ያለበትን ምልክት ፈልጉ። ያ ምልክት የሚሰጠው በረዶ ላይ ለተፈተነ ጎማ ነው። ኤም ፕላስ ኤስ (M+S፣ ጭቃና በረዶ) የሚለው ብቻውን ግን ፈተና ማለፉን አያሳይም።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ የሰጡኝ ምክር አጭር ነበር። "ከሌላው ቀንሺ፣ እርጥብ መንገድ ላይ ከሚይዘው አትቀንሺ።" የአውሮፓ መለያ ወረቀት የተለጠፈበት ጎማ ከሆነ የዝናብ ደመና ያለበትን ሥዕል ማየት ነው። ከ2021 ወዲህ ደረጃው ከኤ (A) እስከ ኢ (E) ነው፤ ኤ የተሻለው። እዚያው ላይ የነዳጅ ደረጃና የድምፅ መጠንም አለ። አሜሪካ የሚሸጡት ደግሞ ጎናቸው ላይ ትሬድዌር የሚል ቁጥር አላቸው። ቁጥሩ ሲበዛ ጎማው ይበረክታል ማለት ነው። ግን እያንዳንዱ ፋብሪካ ቁጥሩን የሚያወጣው ራሱ ስለሆነ የአንዱን ብራንድ ከሌላው ጋር በቁጥር ብቻ ማወዳደር አያዋጣም። በዚያ ላይ በጣም የሚበረክት ላስቲክ ብዙ ጊዜ ጠንካራ ነው፤ የሚይዘውም ያነሰ ነው።

ምርጫዬ ሁለት ውድ ወይም አራት መካከለኛ ነበር። አራቱም ስላለቁ አራት መካከለኛ ወሰድኩ፤ በእርጥብ መንገድ ደረጃቸው ጥሩ የሆኑትን። ሁለት ብቻ ብገዛ ኖሮ አዲሶቹ የሚገጠሙት ከኋላ ነበር። ወንድሜ እዚህ ጋ ተከራከረ፤ "ሞተሩም ፊት፣ መሪውም ፊት!" እያለ። መልሳቸው እንዲህ ነበር። ዝናብ ላይ የፊቱ ጎማ ቢንሸራተት መኪናው ቀጥ ብሎ መሄድ ይፈልጋል፤ እግርሽን ከነዳጅ ስታነሺ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። የኋላው ከሸሸ ግን መኪናው ይዞራል፤ ያንን የሚያቃና ሾፌር ጥቂት ነው። ወንድሜ ዝም አለ፤ ይሄ በየቀኑ የሚሆን ነገር አይደለም።

ያገለገለ ጎማ አይሸጡም። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ውስጡ ምን እንዳሳለፈ አይታወቅም ባይ ናቸው።

ከመግጠማቸው በፊት አራቱንም ደርድረው የተመረቱበትን ቀን አስነበቡኝ። ዲ ኦ ቲ (DOT) የሚል ጽሁፍ ያለበት መስመር ላይ የመጨረሻዎቹን አራት አሃዞች ነው የምታዩት። ለምሳሌ 2324 ካለ በ2024 ዓመት 23ኛው ሳምንት ላይ ተመርቷል፤ አቆጣጠሩ በፈረንጅ ነው። ቀኑ ብዙ ጊዜ በአንዱ ጎን ብቻ ስለሚጻፍ ከተገጠመ በኋላ ወደ ውስጥ ዞሮ ሊደበቅ ይችላል። ስለዚህ ሳይገጠም እዩት። ስኮርቱንም (ትርፍ ጎማውን) አውጥተው አዩልኝ። ጥርሱ ሙሉ ነው፤ ዕድሜው ግን ገፍቷል። ብዙ ፋብሪካዎች ከ5 ዓመት በኋላ ጎማ በየዓመቱ እንዲታይ፣ 10 ዓመት ከሞላው ደግሞ ባይነካም እንዲቀየር ይመክራሉ።

አገጣጠማቸውን ቆማችሁ ብታዩት ደስ ይላል። ቸርኬውን ጎማው የሚቀመጥበት ቦታ ላይ በብሩሽ ፈተጉት። ቫልቩን በአዲስ ቀየሩ። ጎማው ሲሽከረከር እንዳይርገበገብ ባላንስ ሠሩ። ቡሎኖቹን መጀመሪያ በእጅ አስገቡ፤ ከዚያ በመስቀለኛ እያፈራረቁ ጥብቀቱን በሚለካ ቶርክ መፍቻ አጠበቁ። ብዙ ቦታ በአየር መፍቻ ጥርርር አድርገው ነው የሚለቋችሁ። ከ50 እስከ 100 ኪሎሜትር ከነዳሁ በኋላ ጥብቀቱን ሊያዩልኝ እንድመለስ አዘዙኝ። አየሩን የሞሉት የሾፌር በር ጋ ካለው ጽሁፍ አይተው ነው። ጎማው ጎን ላይ ያለው ቁጥር ከፍተኛው መጠን እንጂ ለመኪናዬ የታዘዘው አይደለም። ከዚያ አላይመንት። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መቶ ኪሎሜትሮች ደግሞ ቀስ ብዬ እንድነዳ አስጠነቀቁኝ፤ አዲስ ጎማ ላዩ እስኪፋቅ ያንሸራትታል።

አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ይዘገያሉ። ስልክም ሥራ ላይ እያሉ አያነሱም። የቸኮለ ሰው ይናደዳል። እኔም ትንሽ ተናድጄ ነበር።

እናንተም ሻጭ ጋ ስትሄዱ አሮጌውን ጎማ ይየው እንደሆነ አስተውሉ። ሳያየው ዋጋ ከጠራ ሌላ ቦታ ሞክሩ። አዲስ ጎማ ጥርሱ 8 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። በብዙ አገር የህጉ ዝቅተኛ 1.6 ሚሊሜትር ነው፤ ቦዮቹ ውስጥ ያሉት ትናንሽ ጉብታዎች ከጥርሱ እኩል ሲሆኑ እዚያ ደርሷል። ዝናብ ላይ የምትነዱ ከሆነ ግን እስከዚያ አትጠብቁ፤ 3 ሚሊሜትር ሲቀረው ማሰብ ጀምሩ።

ወንድሜም መኪናውን ይዞ ሄዷል። የሱ በአራቱም እግር የምትጎትት ናት። ሁለት ጎማ ብቻ ሊቀይር አስቦ ነበር። የአራቱን ጥርስ ለክተው ልዩነቱ ሰፊ እንደሚሆን፣ ዙሪያቸው የተለያየ ጎማ ደግሞ ኃይሉን ለጎማዎቹ የሚያከፋፍለውን ዲፈረንሻል እንደሚጎዳ ነገሩትና አራቱንም እስኪችል እንዲታገስ መከሩት። ከሱም የዚያን ቀን ምንም አልተቀበሉም።

ጋሼ፣ በጣም አመሰግናለሁ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።