ዋርድ ወይስ ጥናት? ጎንደር ላሉ ነርሶች

ዋርድ (ሕሙማን ተኝተው የሚታከሙበት ክፍል) ላይ የድካምህ ፍሬ ቶሎ ይታያል። ትኩሳቱ ይወርዳል፣ በሽተኛው ይመርቅሃል፣ ፈረቃህ ሲያልቅ ወደ ቤት።

የክሊኒካል ጥናት (ሕክምናን በታማሚዎች ላይ የሚፈትሽ ምርምር) አስተባባሪነት ሌላ ነው። በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈውን ካላዛርን እንውሰድ። ብዙዎቹ ታማሚዎች ለእርሻ ሥራ ወደ መተማና ሁመራ የወረዱ ወጣቶች ናቸው። መርፌው ቢያልቅም ያንተ ሥራ አያልቅም፤ በሽታው እንዳላገረሸ በ6ኛው ወር መታየት አለበት። የታማሚው ስልክ ከተዘጋ የወንድሙን፣ የጎረቤቱን ቁጥር ትሞክራለህ። ማንበብ የማይችል ከሆነ በጥናቱ ለመሳተፍ የሚፈርመው ስምምነት ገለልተኛ ምስክር ባለበት ይነበብለታል፣ አሻራውን ያኖራል። «አልፈልግም» ካለ መብቱ ነው፤ ሕክምናው አይቀርበትም። ይህን ደግሞ ደጋግሞ መንገር ያስፈልጋል።

ወረቀት የሚሰለቸው ሰው ዋርድ ይሻለዋል። እኔ ጥናቱን እመርጣለሁ። የሚያሳስበኝ ኮንትራቱ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ጥናቱ ሲዘጋ አብሮ ያልቃል።